ችሎት የቀረበው የገና በግ

ልጅ እያለሁ ቤታችን ጸጥታ የገባው አባቴ ዳኛ የሆነ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ጠበቃ ነበር፤ ጠበቃ ደግሞ ቤቱም ውስጥ ይከራከራል። እናቴ "ወጡ ጨው አንሶታል?" ብላ ከጠየቀችው መጀመሪያ የሁለቱንም ወገን ክርክር ያሰማታል። ከእራት በፊት ለነገው ሙግት ሲለማመድ እኔን በርጩማ ላይ አስቀምጦ ዳኛ ያደርገኛል። "ክቡር ፍርድ ቤት" እያለ እጅ ሲነሳኝ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ጉንጬን እነክስ ነበር።

ያኔ ላሊበላ ውስጥ አባቴን የማያውቅ አልነበረም። ቅዳሜ ገበያ ለበርበሬ የተላከው ሰውዬ ያለ በርበሬ፣ በአዲስ ባለጉዳይ ታጅቦ ይመለሳል። ከባለጉዳዮቹ ሁሉ የምወዳቸው እማማ ደብሬን ነበር። ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ አሮጊት ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ አንዲት የገብስ ማሳ አለቻቸው፤ በሬ ስለሌላቸው ሌላ ሰው ያርስላቸውና ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። የባላቸው ወንድሞች ማሳዋን ሊነጥቋቸው ሲነሱ አባቴ ጠበቃ ሆኖ ቆመላቸውና ረቱ። ከዚያ ወዲያ ቤታችን በመጡ ቁጥር እንዶድ እንዶድ የሚሸት ነጠላቸው ውስጥ ይወሽቁኝና ከመቀነታቸው ቆሎ ፈትተው እጄ ላይ ያፈሱልኛል።

መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት በኋላ ምርጫ መጣ፤ ሰዉም "አፍ ያለው እሱ ነው" ብሎ አባቴን ለወረዳው ምክር ቤት መረጠው። መሬት ሊደለደል ነው የሚባልበት ሰሞን ነበር። አባቴ በየቀበሌው እየዞረ፣ ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷ በራሷ ስም መጻፍ አለበት እያለ ድምፁ እስኪዘጋ ተናገረ። እማማ ደብሬ ስብሰባ በተጠራ ቁጥር ከፊት ተቀምጠው እልል ይሉለታል። ምክር ቤቱ ውስጥ ግን ከመናገር ይልቅ እጅ ማውጣት ይበዛ ነበር መሰለኝ፣ አባቴ እየከፋው መጣ። አንድ ቀን ከስብሰባ ገባና ለእናቴ "ከእንግዲህ ይችን እጄን ሌላ ሰው አያነሳትም" አላት። ወንበሩን ተወ። ወረዳው የዳኛ እጥረት ስለነበረበት ጥቂት ቆይቶ ዳኛ ተብሎ ተሾመ።

ያ ተናግሮ የማይጠግብ ሰው ዝም አለ። ገበያ መውጣት ተወ፤ ሰርግ ሲጠራ እንኳ "እዚያ ቤት ክርክር ያለበት ሰው አለ?" ብሎ ሳይጠይቅ አይሄድም። እናቴ ሰው ጠላን ብላ ተብሰከሰከች። እኔም አኩርፌ ነበር፤ በርጩማዋ ላይ ዳኛ የሚያደርገኝ አጣሁ።

ታዲያ የእማማ ደብሬን ማሳ እኩል የሚያርስላቸው ማን ነው ብትሉ፣ አያ በላይ ነው። የአያ በላይ ሚስት ክርስትና እናቴ ናት፤ እሱና አባቴ አበልጆች ናቸው። አበልጅነት እኛ ዘንድ ከሥጋ ዝምድና የማይተናነስ ነገር ነው። ይህ ሰው የመሬት ድልድሉን ተከትሎ "ይህን ሁሉ ዓመት በበሬዬ ያረስኩት እኔ ነኝ፣ መሬቱ የእኔ ነው" ብሎ አልለቅም አለ። እማማ ደብሬ ከሰሱት። ክሱ የደረሰው አባቴ ችሎት ነው። እሳቸው "ያኔ የቆመልኝ ሰው ነው የሚፈርድልኝ" ብለው ደስ አላቸው፤ አያ በላይም "አበልጄ ነው" ብሎ ደስ አለው።

አያ በላይ ሁልጊዜ ለገና በግ ያመጣልኛል። ያን ዓመት ገና ሳይደርስ፣ ልክ በቀጠሮው ዋዜማ አመጣው። አናቱ ጥቁር፣ ሌላው ገላው ነጭ የሆነ ሙክት ነበር፤ ገና ከበር ሲገባ ስም አወጣሁለት። እናቴ ምን ታድርግ? የአበልጅን ስጦታ መመለስ ዝምድናውን ማፍረስ ነው። ተቀበለችና አሰረችው። አባቴ ከሥራ ሲገባ በጉን አየው፤ ልክ እንደ ምስክር ትክ ብሎ ሲያየው ቆየ።

"አበልጅህ ነው ያመጣው፤ ልመልሰው እንዴ?" አለችው እናቴ፣ ፈራ ተባ እያለች።

"አይመለስም። አይታረድምም" አላት።

በማግስቱ ጠዋት ጥቁር ካፖርቱን ለብሶ የበጉን ገመድ ያዘና ወጣ። በጉ የእኔ ነውና እያለቀስኩ ተከተልኩት። ከተማው ለበዓሉ በእግራቸው በመጡ ምእመናን ተጨናንቋል፤ አቧራው፣ የላብ ሽታው፣ መዝሙሩ ሌላ ነው። አንዱ እንግዳ አባቴን ነጋዴ መስሎት "በጉን ስንት ይሉታል?" ብሎ ጠየቀው።

"አይሸጥም፤ ችሎት አለበት" አለው አባቴ ሳይስቅ።

ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ያለው ወይራ ላይ አሰረውና ገባ። እኔ መስኮቱ ላይ ተንጠለጠልኩ። አባቴ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ እማማ ደብሬና አያ በላይ ፊቱ ቆሙ። በጉ ውጭ ይጮኻል።

"ከሳሿ ለዚሁ መሬት ጠበቃ ሆኜ የቆምኩላቸው ሰው ናቸው። ተከሳሹ አበልጄ ነው" አለ አባቴ። "የሚጮኸውን በግ ትናንት ቤቴ ያመጣው እሱ ነው፤ ሁላችሁም እያያችሁ እዚሁ ይረከበኛል። እኔ ከዚህ ችሎት ተነስቻለሁ፤ ሌላ ዳኛ ያየዋል።"

አያ በላይ ፊቱ ጠቆረ። እማማ ደብሬ ግን ጮኹ፦ "ኧረ ላሊበላን! ታዲያ ለእኔ ማን ቀረልኝ?"

"ሕጉ አለልዎት፣ እማማ።"

"እኔ ሕጉን የማውቀው በእርስዎ አፍ ነው፣ ጌታው!"

አባቴ መዝገቡን ዘግቶ ወጣና የበጉን ገመድ ከወይራው ፈትቶ አስረከበ። አያ በላይ በጉን እየጎተተ ሰው መሀል ገባ። እማማ ደብሬም ፊታቸውን አዙረው፣ እኔን እንኳ ሳይስሙኝ ሄዱ። በአንድ ጠዋት ሁለቱንም አጣናቸው።

ቤት ገብቼም ለቅሶዬ አላባራ ሲል አባቴ ያቺን በርጩማ አምጥቶ አስቀመጠኝና ፊቴ ቆመ። "ክቡር ፍርድ ቤት፣ አጥፍቻለሁ?" አለኝ።

"አዎ! በጌን መልስ!" ብዬ ፈረድኩበት።

"ይግባኝ እላለሁ" አለና ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቀ።

ከሌላ ወረዳ የመጣ ዳኛ ምስክር ሰምቶ መሬቱን ለእማማ ደብሬ ወሰነ። ከወራት በኋላ እንደ ድሮው ቤታችን መጥተው ቆሎ አፈሱልኝ፤ ለአባቴም "ያኛው ዳኛ እንኳ አንደበቱ አይጥምም። ሕጉ ግን ያው ሆኖ አገኘሁት" አሉት። አያ በላይ ግን ደጃችንን ዳግመኛ አልረገጠም። አባቴ በየገናው በሩን ሲያይ ይውል ነበር፤ እንደናፈቀው አውቃለሁ።

ዛሬ እኔም ከላሊበላ ርቄ ዳኛ ነኝ። ችሎቴ ኮምፒዩተር አለው፣ ካባ እለብሳለሁ፤ በግ እየጎተተ የሚመጣ ሰው ግን የለም፣ አሁን ሁሉም ነገር በስልክ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት አንድ ክስ ቀረበልኝ፤ ተከሳሿን ቀና ብዬ ሳይ ልጅ ሆነን ቅልሞሽ አብራኝ የተጫወተች፣ ዳቦዋን ያካፈለችኝ ጓደኛዬ ናት። አዳራሹ ውስጥ መተዋወቃችንን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። ዓይኗ ለመነኝ። ቢሆንም ማን እንደሆነችኝ ለሁሉም ተናግሬ ከችሎቱ ተነሳሁ።

ማታ አባቴ ጋ ደወልኩ። አርጅቷል፤ ጆሮው ስለደከመ ጮክ ብዬ ነው የነገርኩት። "አባዬ፣ ያ ይግባኝህ ዛሬ ተወሰነ። አላጠፋህም።"

ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት።

"በጉስ?" አለኝ።