የአባዬ የካሜራ ቦርሳ

ክረምት ገብቶ የሚዛን ዝናብ ሳያባራ ሳምንት ሲሞላው፣ ከቁም ሣጥን ሥር የሚወጣ የሻገተ ሸራ ሽታ ዛሬም ያበሳጨኛል፤ የአባዬ የካሜራ ቦርሳ ሽታ ነው። ሌላው ሰው የልጅነት ቤቱን የሚያስታውስበት ደግ ሽታ ይኖረው ይሆናል፤ ለእኔ የደረሰኝ ይሄ ነው። አባዬ ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ነበር። አንድ ክረምት፣ ወደ ሌላ ከተማ የተዛወረ ባልደረባው አጭር ሌንስ የተገጠመበት አሮጌ ካሜራ ሰጥቶት ሄደ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ሰላም አጣ።

ፎቶ ቢያነሳበት ኖሮ ማን ይቆጣው ነበር? አባዬ ግን ከማንሳቱ ይልቅ ስለ ሌንስ ማውራቱን ይወድ ነበር። ካሜራውን ከያዘ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው «ይሄማ የጀማሪ ሌንስ ነው» ማለት ጀመረ። አዲስ አበባ ላለ አንድ ካሜራ ሻጭ እየደወለ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ድምፁን ከፍ እያደረገ፣ ለወፍ የቱ ይሻላል፣ ለሰው ፊትስ የቱ ነው እያለ ሲጠይቅ፣ እማዬ ከሚያፈሰው ጣሪያ ሥር ባልዲ እየቀየረች «ለጣሪያ የሚሆነውንም ጠይቅልኝ» ትለው ነበር።

መስከረም ላይ ረጅሙ ሌንስ በአውቶቡስ ተላከለት። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱ ቦርሳውን አንግቦ፣ እኔን የካሜራ ማቆሚያውን ትራይፖድ አሸክሞ፣ ጤዛው ሳይደርቅ ከከተማው በላይ ወዳለው የቡና ጫካ እንወጣ ነበር። ጉሬዛዎቹ ቅርንጫፍ ላይ ተደርድረው ቁጭ ብለው ይጠብቁናል፤ አባዬ አጭሩን ሌንስ ነቅሎ፣ ክዳኑን ፈልጎ፣ ረጅሙን ገጥሞ፣ መስታወቱን በብሩሽ ጠርጎ ቀና እስኪል ድረስ ግን ጉሬዛዎቹ ሄደው ቅርንጫፉም መወዛወዙን ይጨርሳል። «ነገ ይመለሳሉ» ይለኝና እንወርዳለን። ትከሻዬን እያሻሸሁ ከኋላው እከተለው ነበር። በዚያ ላይ የአገራችን እርጥበት ሌንሱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ ስላበቀለበት፣ እርጥበት የሚመጥ ከረጢት፣ አቧራ የሚነፋ ፓምፕ፣ ደግሞ ሌንስ ፊት የሚገጠም ሦስት ዓይነት ፊልተር ተጨመረና ቦርሳው እንደ ነፍሰ ጡር ሆዱ ተነፋ።

ኅዳር ላይ፣ የቡና ለቀማው ሲደርስ፣ እንደ ምንም ብሎ አንድ ፎቶ አነሳኝ። ቀይ ፍሬ የሞላበት ቅርጫት ታቅፌ፣ የፊት ጥርሴ ወልቆ፣ እየሳቅኩ ነበር። እንዲያሳትምልኝ ለመንኩት። «ሃምሳው ሌንስ ይምጣና እንደገና አነሳሻለሁ፣ ያኔ ይታተማል» አለኝ። ሃምሳ የሚሉት ትንሽ ሌንስ መጣ፤ ከእሱ ቀጥሎ ሰፊ የሚባል አራተኛ ሌንስም መጣ፤ የእኔ ፎቶ ግን አልታተመም።

ጥር ላይ የእማዬ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ብርቄ፣ ቴፒ ውስጥ ልታገባ ሆነ። አባዬ «ፎቶ አንሺ የሚባል እንዳትቀጥሩ፣ እኔ እያለሁ!» ብሎ ማለ። እማዬ እህቷን «ተይ፣ አንድ ሰው ያዢ» ብትላትም፣ ብርቄ «ጋሼን አላስቀይምም» አለች።

ከሠርጉ በፊት ባለው ሐሙስ የሠራሁትን አልረሳውም። መታገሥ ሲያቅተኝ፣ አባዬ ትምህርት ቤት ሳለ፣ ፎቶው ያለበትን ሚሞሪ ካርድ ከካሜራው አውጥቼ መብራት ኃይል መንገድ ላይ ወዳለው ኮምፒውተር ቤት ሮጥኩ። ፎቶዬን አሳተምኩ፣ በደስታ ብብቴ ሥር ሸጉጬ ወደ ቤት በረርኩ፤ ካርዱን ግን እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ረሳሁት።

ዓርብ በሸኮ በኩል ወደ ቴፒ ስንጓዝ፣ ቦርሳው ሚኒባሱ ውስጥ የአንድ ሰው ቦታ ይዞ፣ እኔ እማዬ ጭን ላይ ነበርኩ። ቅዳሜ ጠዋት አባዬ ግቢው መሃል ምንጣፍ አንጥፎ አራቱንም ሌንሶች ደረደረና፣ ሙሽራዋ ከበር ስትወጣ በሰፊው ይሁን በሃምሳው እያለ ከራሱ ጋር ይከራከር ጀመር። አጃቢው እየዘፈነ ሲገባ ገና አልወሰነም ነበር። ብርቄ ነጭ ቬሎዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆመች፣ እሱም በስንት መከራ ሃምሳውን ገጥሞ ካሜራውን አነሳ፣ ቁልፉን ተጫነ። ወዲያው ትንሿን ስክሪን አየና ፊቱ ተለወጠ። የካሜራውን ጎን ከፈተ። የካርዱ ቦታ ባዶ ነው። ተንበርክኮ ቦርሳውን ገለበጠው፤ ብሩሹ፣ ፓምፑ፣ ፊልተሮቹ ሳሩ ላይ ተበተኑ።

ካርዱን የት እንዳስቀረሁት ያኔ ትዝ አለኝ፤ አጠገቡ ሄድኩና፣ «አባዬ፣ እኔ ነኝ። ፎቶዬን ላሳትም ወስጄው ኮምፒውተር ቤት ረሳሁት» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። በጥፊ የሚለኝ መስሎኝ ዓይኔን ጨፈንኩ።

እማዬ ደረሰች። «ምን ሆናችሁ? ሙሽራዋ ቆማ ትጠብቃለች!»

አባዬ ተነሣ። «ሚሞሪውን ረስቼው መጣሁ» አላት። «የእኔ ጥፋት ነው።»

«አራት ሌንስ ተሸክመህ?» አለች እማዬ፤ ዘመድ ሁሉ ዞሮ አየው። እሱ አንገቱን ደፋ እንጂ ወደ እኔ አልጠቆመም። የከተማው ፎቶ አንሺዎች ሁሉ ሌላ ሠርግ ላይ ነበሩና ካርድ የሚገኝባቸው ፎቶ ቤቶች ዝግ ሆኑ፤ ቬሎዋ በሰው ስልክ በተነሡ ጭጋግ በመሰሉ ፎቶዎች ብቻ ቀረ።

በማግስቱ ማለዳ አባዬ አንዱን ፎቶ ቤት አስከፍቶ ካርድ ይዞ መጣ። ወደ መልሱ ግብዣ ሲሄድ ቦርሳውን ጥሎት፣ ጓደኛው የሰጠውን ያንኑ አጭር ሌንስ ብቻ ገጥሞ ነበር። ቀኑን ሙሉ አልነቀለውም፣ ስለ ሌንስም አላወራም፤ ፎቶ ብቻ አነሳ። ብርቄ እማዬ አንገት ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ፣ ባሏ በእጁ ሲያጎርሳት፣ ሽማግሌዎቹ ዳስ ውስጥ ሲከራከሩ ያነሣቸው ፎቶዎች እስከ ዛሬ ከቤታቸው ግድግዳ አልወረዱም። ብርቄ ግን እንግዳ ፎቶዎቹን ባደነቀ ቁጥር «ቬሎዬስ?» ማለቷን አልተወችም።

እውነቱን ለእማዬ የነገርኳት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። «ታዲያ ከመሄዱ በፊት አያይም ነበር?» ብላ ጥፋቱን መልሳ እሱው ላይ ጣለችው።

አሁን ሚዛን ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለኝ። ወጣቶች አዲስ ካሜራ ይዘው «የቱን ሌንስ ልግዛ?» እያሉ ይመጣሉ፤ እኔ «ባለህ ሌንስ አንድ ዓመት አንሣበትና ተመለስ» ልል አፌን ስከፍት፣ ጡረታ የወጣው አባዬ ከጥጉ ወንበር ላይ ሆኖ ቀድሞኝ ስለ ሌንስ ማውራት ይጀምርና፣ ወጣቱ ቆሞ እግሩ እስኪዝል አይለቀውም። እንደ ልጅነቴ ያበግነኛል። ያኔ ግን መናደዴ ብቻውን ትክክለኛ የሚያደርገኝ ይመስለኝ ነበር፤ አሁን እየተናደድኩም ጥፋቱ የእኔ ሊሆን እንደሚችል አውቃለሁ፣ ስለዚህ ሻይ አዝዝለትና እስኪጨርስ እጠብቃለሁ።