ዲሽቃው የወረደበት ቀን

ባለፈው እሁድ ባሮ ወንዝ ዳር ማንጎ ዛፍ ስር ተቀምጠን ሳለ፣ የልጅ ልጄ በስልኩ የአንድ የጃፓን የጦር መርከብ ፎቶ አሳየኝ። "አባባ፣ ይሄ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ሙሉ ሲተኩስ ኖሮ፣ ሲያልቅ መድፎቹን ነቅለው በየደሴቱ የቀረውን ሰው ወደ አገሩ መለሱበት" አለኝ። መድፉ በነበረበት ቦታ ሴቶች ከነጓዛቸው ተቀምጠዋል። እኔን ግን ትዝ ያለችኝ እናቴ ናት።

በደርግ ጊዜ ነው። ከወሎ መጥተን ኢታንግ አጠገብ ሰፍረናል። እኔ በአንድ የወታደር ጀልባ ተቀጥሬ፣ ከፊት ቆሜ የውሃውን ጥልቀት በዘንግ እለካ ነበር። ደገኛ ነኝና ዋና አልችልም። ነጂው ኦባንግ፣ የአኙዋ ሰው፣ "አንተ ስለምትፈራ አትዋሽም" ይለኝ ነበር።

ጥቅምት ላይ እናቴን ወባ ጣላት። መንገዱ ገና ጭቃ ነው፤ ጋምቤላ ሐኪም ቤት የሚያደርሳት ጀልባችን ብቻ ነበር። ባሮ ደግሞ በዚያ ወር ይጎድላል፤ አሸዋ የያዘው ጀልባ እስከሚቀጥለው ክረምት አይነሳም። እኛንም ግማሽ መንገድ ላይ ያዘን።

የጫንነውን በቆሎ አወረድን፤ ጤነኞቹም ወርደን ገፋን። ንቅንቅ የለም። ኦባንግ ከፊት የተተከለውን ከባድ መትረየስ፣ ዲሽቃውን፣ በአገጩ አመለከተ።

"አይሞከርም!" አሉ የጀልባው አዛዥ ሃምሳ አለቃው። "ፈርሜ የተረከብኩት ነው። ቢጠፋ የሚረሽኑት እኔን ነው።"

እናቴ ከጋቢዋ ውስጥ ቀና አለች። አጥንትና ቆዳ ብቻ ሆናለች። "እውነታቸውን ነው፤ እኔን አውርዱኝ። እኔም ከባድ ነኝ።"

ኦባንግ ሳቀ። ሃምሳ አለቃው አልሳቁም። እናቴን አዩ፣ ዲሽቃውን አዩ፤ "የብሎን ቁልፍ አምጣ" አሉኝ። ከነእግሩ፣ ከነጥይት ሳጥኑ ዳር አወጣነው። ጀልባው ተነሳ።

"ሃምሳ አለቃ፣ ይግቡ እንጂ!" አላቸው ኦባንግ።

"እኔ ከሱ አልለይም። እሷን አድርሱና ተመለሱ።"

እናቴን ዲሽቃው በተነቀለበት ቦታ አስተኛናት፤ ነፋሻው እሱ ነበር። ዘንጌን በጣልኩ ቁጥር፣ እንዲያ እየተንቀጠቀጠች፣ "እንዳትወድቅ" እያለች ቁርጭምጭሚቴን ትይዘኛለች።

ስንመለስ ሃምሳ አለቃው እርጥብ ሸሚዛቸውን ዲሽቃው ላይ አስጥተው፣ እዚያው ወንዙ ዳር ካለ መንደር ሰዎች ጋር የተጠበሰ ዓሣ ይበላሉ።

"እናትህስ?"

"እህል ቀምሳለች።"

"እንግዲያው ምን ያስቸኩላል? ቁጭ በሉ፣ ዓሣው አላለቀም።"

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ክረምት አየች። የዚህን ልጅ አባት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት።

ስልኩን ስመልስለት፣ "አባባ፣ መድፎቹን የት አድርሰዋቸው ይሆን?" አለኝ።

"እኔ እንጃ ልጄ" አልኩት። "አንዱስ የሆነ ዳር ላይ ልብስ ተሰጥቶበት ይሆናል።"