የአስተርጓሚው እንጀራ

ባፈና ከዳኛው ጠረጴዛ በስተግራ፣ በከሳሽና በተከሳሽ መካከል ቆሞ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነበር። ሆሳዕና ከተማ ላይ ዳኛ መጥቶ ዳኛ ሲሄድ፣ ጸሐፊ ተሹሞ ጸሐፊ ሲዛወር፣ እሱ ከዚያች ቦታ ንቅንቅ አላለም። ገበሬው በሀዲይኛ የሚለውን ለዳኛው በአማርኛ፣ ዳኛው በአማርኛ የሚሉትን ለገበሬው በሀዲይኛ ያቀርባል። ሳይጨምር ሳይቀንስ ሊተረጉም ምሏል፤ መሐላውንም አክብሮ ኖሯል። ዳኛው ሲቆጡ ግን ቁጣቸውን በቁጣ አያስተላልፍም፤ ቃሉን ሳይነካ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሰውየውን በአደባባይ ሳያዋርድ ይነግረዋል። ለዚህም ነው ያደገበት የሞርሲቶ ሰው ሁሉ ባፈናን እንደ ራሱ ሰው የሚያየው።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳዎቹ መጨረሻ ላይ የችሎቱ ጸሐፊ ገብረ ሥላሴ ለሥራ ጉዳይ አዲስ አበባ ደርሶ ተመለሰ። ይህ ሰው ወሬ በሆዱ ማሳደር የማይሆንለት ፍጥረት ነበር። ባፈናን ወደ ጥግ ሳብ አድርጎ፣ ለእርስዎ ብቻ ነው የምነግርዎ ብሎ ጀመረ። በጀት ጠቧል፣ ሠራተኛ ሊቀነስ ነው፣ ሕዝቡ አማርኛ ስለለመደ መጀመሪያ የሚነኩት አስተርጓሚዎች ናቸው አለው። ከሰዓት በኋላ ያው ምስጢር በግቢው ዘበኛ ሳይቀር ይወራ ነበር።

ባፈና ቤቱ የኪራይ ነው። የአባቱን መሬት፣ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ ብሎ ለታናሽ ወንድሙ ለቆለታል። ሚስቱ ትርፊት በእሱ ደመወዝ ልጆቹን ተማሪ ቤት ትልካለች። በዚህ ዕድሜው ተመልሶ ሞፈር ልጨብጥ ቢል እጁም ወገቡም አይታዘዙትም። ከዚያች ቦታ ከተነሳ መቆሚያ የለውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሮው ሌላ ነገር መስማት ተወ። አህመድ ሱቅ ጨው ሊገዛ ይገባል፤ ከጊምቢቹ ገጠር የመጡ ሴቶች ከባለሱቁ ጋር በአማርኛ ይከራከራሉ፣ ያውም አህመድን እስኪያልበው ድረስ። ድሮ ቢሆን ያስቀው ነበር። አሁን ግን ጨዉን ሳይገዛ ወጣ። ቤቱ ሲደርስ የገዛ ልጆቹ ግቢ ውስጥ በአማርኛ ይሰዳደባሉ። አገር ሁሉ እንጀራውን ሊነጥቀው የተማከረ መሰለው።

ሰው ሲጨንቀው ብልሃተኛ ይሆናል፤ ሁልጊዜ ግን በደጉ አይደለም። ባፈና ጠዋት ጠዋት ከፍርድ ቤቱ ደጅ፣ ባለጉዳይ ከሚቀመጥበት ባሕር ዛፍ ሥር መዋል ጀመረ። አማርኛ እችላለሁ የሚል ሲያገኝ፣ በገበያ አማርኛ ችሎት አይቆምም፣ አንዲት ቃል ብትስት ጉዳይህ ይበላሻል፣ አልችልም ብትል ይሻልሃል ይለዋል። ምክሩ ለአንዳንዱ እውነት ነበር፤ መጥፎ ነገር ደግሞ ግማሹ እውነት ሲሆን ይመቻል። ሰዎቹም አመሰገኑት። በቅርቡ ከሰሜን የመጡት ዳኛ አማርኛ ትችላለህ ወይ ብለው በጠየቁ ቁጥር ሰዉ አልችልም ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። ገብረ ሥላሴ ያለ አስተርጓሚ ችሎቱ አንድ ቀን እንደማይውል አይቶ ተገረመ።

የጠና ጉዳይ የመጣው በዚህ መካከል ነው። ጠና የባፈና አብሮ አደግ ነው፤ ሞርሲቶ አጠገብ አብረው ከብት ጠብቀዋል። ጎልምሶ ወታደር ሆነና ብዙ ዓመት ሐረር ኖሮ ተመለሰ። አማርኛው የወታደር አማርኛ ነው፣ ቀጥ ያለና የጠራ። እዚያም ወልደየሱስ ከሚባል፣ ወላጆቹ ከሰሜን መጥተው ሞርሲቶ አጠገብ ርስት ከያዙ ወታደር ጋር በአንድ ገበታ በልቷል። ሁለቱ ከሠራዊቱ ሲሰናበቱ ወልደየሱስ ከርስቱ ላይ አንዲት ቁራጭ ሸጠለት፤ ውሉም በቃል ብቻ ነበር። ጠና ቤቱን ሠራባት፣ እንሰቱን ተከለባት። አሁን ወልደየሱስ ሞቷል። ወንድሙ ግራዝማች ወንዳፈረው ደግሞ ቦታው ለጭሰኝነት እንጂ በሽያጭ አልተሰጠም ብለው ከሰዋል።

ጠና በችሎቱ ዋዜማ ባፈና ቤት መጣ፤ ፊቱ ላይ ጭንቀት የለም። ወልደየሱስ ቦታውን ሲሸጥለት የተናገረውን ቃል በቃል፣ በሟቹ አነጋገር፣ በአማርኛ አወረደለት። ወልደየሱስን የሚያውቅ ሰው ቢሰማ እሱ ራሱ ተነስቶ የሚናገር ይመስለው ነበር። ነገ እኔው በአማርኛ እናገራለሁ፣ አንተ አትድከም አለው።

ትርፊት ያቀረበችው ቆጮ ሳይነካ ቀረ። ባፈና ዙሪያ ጥምጥም ብዙ ሄደ፣ ብዙ አመነታ፣ በመጨረሻ ግን አወጣው።

«ነገ አንተ እንዲያ ስትናገር ዳኛውም ጸሐፊውም ይሰማሉ» አለ። «የሞርሲቶ ገበሬ እንዲህ ከቻለ ባፈና ለምን ደመወዝ ይበላል ይላሉ። እኔ አለሁልህ፣ አንዲት ቃል አልጥልብህም። በእኔ በኩል ይሁን።»

ጠና ወደ በሩ ዞረ። ከውጭ የልጆቹ ጫጫታ ይሰማል።

«ልጆችህ ልጆቼ ናቸው» አለ ኋላ። «እሺ።»

በማግስቱ ችሎቱ ሞላ። ዳኛው እንደልማዳቸው አማርኛ ይችል እንደሆነ ጠየቁ። ጠና አልችልም ብሎ ራሱን ነቀነቀ፤ ባፈና መካከል ቆመ። ጠና በሀዲይኛ ተናገረ፣ ባፈና ተረጎመ፤ በእውነቱ አንዲት ቃል አልጣለም። የወልደየሱስ አነጋገር ግን መንገድ ላይ ጠፍቶ ቀረ።

ግራዝማች ወንዳፈረው ካባቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሱ። ሰውየው አማርኛ እንደሚችል ሳያውቁ አይቀሩም፤ ነገር ግን ይችላል ብለው ከመመስከር ይልቅ መጠየቅን መረጡ።

«ሟች ወንድሜ አንዲት የሀዲይኛ ቃል አያውቅም ነበር» አሉ ለዳኛው። «ይህ ሰው ደግሞ አማርኛ አያውቅም። ያለ ሦስተኛ ሰው በቃል ተዋዋልን የሚለው በምን ቋንቋ ነው?»

ባፈና ይህን ነገር አንድም ጊዜ አላሰበውም ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ያሰበው ስለ ደመወዙ ነው። ዳኛው ወደ እሱ ዞረው ተርጉምለት አሉት። እሱም ሳይጨምር ሳይቀንስ ተረጎመ።

ጠና ጥያቄውን ገና ከግራዝማች አፍ ሲወጣ ሰምቶታል። ባፈናን አየው። ዓይኑ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ የሚጠብቅ ሰው ዓይን ነበር። እኔ ነኝ የመከርኩት፣ ጌታዬ የምትል አንዲት የባፈና ቃል ብቻ ትበቃ ነበር። ባፈና ቃሏን ምላሱ ላይ አገኛት። ትርፊትን አሰበ፣ የቤት ኪራዩን አሰበ፣ መሬት መሬት አየ።

ጠና ሲጠብቅ ቆይቶ ተስፋ ቆረጠ።

«በአማርኛ ነው የተዋዋልነው፣ ጌታዬ» አለ፣ በጠራ አማርኛ።

ችሎቱ ተንጫጫ። ዳኛው ጠረጴዛውን መትተው፣ ታዲያ እስካሁን ለምን ስታታልለን ቆየህ፣ ማን መከረህ ብለው ጠየቁ። ጠና እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ጥፋቱ የራሴ ነው ከማለት በቀር ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ ወዲያ የወልደየሱስን ቃል በአማርኛ ቢናገር ማን ሊያምነው። ዳኛው ምላሱን ከፍርድ ቤት የሸሸገ ሰው ውሉንም ይፈጥራል ብለው ቦታው ለግራዝማች እንዲመለስ ፈረዱ።

«አስተርጓሚ ፈልጎ ነበርና» አሉ፣ «ፍርዱንም በአስተርጓሚው ይስማ።»

ባፈና ተረጎመ። ቤቱን፣ እንሰቱን፣ የሚለቅበትን ቀን፣ አንድ በአንድ፣ እንደልማዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረው። ጠና አንገቱን ደፍቶ፣ አዲስ ነገር እንደሚሰማ ሰው እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

ቅነሳው አልቀረም፤ ዘበኛውና አንድ ተላላኪ ተሰናበቱ። ባፈና ግን ቀረ። ዳኛው ራሳቸው፣ የዚህ አገር ሰው የሚያውቀውን የሚደብቅ ስለሆነ የታመነ አስተርጓሚ የግድ ያስፈልገኛል ብለው ተከራከሩለት። የምሥራቹን ያመጣው ያው ገብረ ሥላሴ ነው። ትርፊት ደስ ብሏት ዶሮ ሠራች። ባፈና አንድ ሁለቴ ጎርሶ እጁን ታጠበ፤ ስትጠይቀው ሆዴን አሞኛል አላት።

ብዙ ጊዜ ሞርሲቶ ሄዶ ይቅርታ ሊጠይቅ ተነስቶ ከመንገድ ተመልሷል። በአንድ የገበያ ቀን ግን አህመድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ፊት ለፊት ተገናኙ። ጠና አሁን የሰው ጭሰኛ ሆኖ ወደ ዱራሜ በሚወስደው መንገድ ላይ ይኖራል፤ ትከሻው ላይ ጆንያ ተሸክሟል። ባፈና ከልጅነታቸው ጀምሮ በሚባባሉት፣ በሀዲይኛ፣ ሰላም አለው።

ጠና ጆንያውን አውርዶ ባርኔጣውን አነሳና እጅ ነሳ።

«እንደምን ዋሉ፣ አቶ ባፈና» አለ በአማርኛ። «ቤተሰብዎ ደህና ነው?»

እንደ ድሮው ልጆቼ አላላቸውም። ባፈና ያን ያህል ዘመን የሰውን ቃል ሲያመላልስ ኖሮ ይህችን ወደ ሀዲይኛ ሊመልሳት አልደፈረም። ጠና በትዕግሥት ቆመለት።

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነን» አለ በመጨረሻ፣ እሱም በአማርኛ።

ጠና ጆንያውን ተሸክሞ ሄደ። ሁለቱም እስኪያረጁ ድረስ በየገበያው ይገናኙ ነበር፤ ጠና ግን ባፈናን ዳግመኛ በሀዲይኛ አላናገረውም።