አማቴ የሞሉልኝ ጥይት

ባለፈው ቅዳሜ ለታጠቀ ሴኩሪቲ ሥራ የተኩስ ፈተና ነበረኝ... ወደቅኩ። የጣሉኝ ደግሞ አማቴ ናቸው።

የባለቤቴ አባት ከእኛ ብዙ ሳይርቁ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖሩት። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ጋራዣቸው ውስጥ ቁጭ ብለው የተተኮሰ ቀለሃ እየሰበሰቡ መልሰው ይሞላሉ፣ እርሳሱንም ራሳቸው ያቀልጣሉ። የሚያወጡትን ጥይት በሰምና በከብት ሞራ ይቀቡታል። ካልተቀባ እርሳሱ እየተፋቀ የሽጉጡ አፈሙዝ ውስጥ ይለጠፋል፣ ተኩሱም ይበላሻል። ይህንን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው እንግዲህ።

ለፈተናው ከሱቅ ልግዛ ብል፣ «እኔ እያለሁ? ምን ቆርጦህ!» ብለው ተቆጡ። የሚስት አባት እምቢ አይባልም... እሺ አልኩ። የፈተናው ዕለት ጠዋት ሲልቨር ስፕሪንግ እኔ ቤት ድረስ ይዘውልኝ መጡ። መርቀውም ሰጡኝ።

መጀመሪያ ላይ ደህና መታሁ። እየቆየ ግን ጥይቱ ወዲያና ወዲህ ይሄድ ጀመር። ጭራሽ የዒላማውን ወረቀት ራሱን ሳትኩት።

ፈታኙ ሪቮልቨር ሽጉጤን ተቀብሎ አፈሙዙን በባትሪ አየና ራሱን ነቀነቀ። «ውስጡ እርሳስ ለብሷል። ጥይትህ ቅባት የለውም እንዴ?»

«አለው እንጂ! አማቴ ናቸው የሠሩት» አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ።

መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ደወልኩላቸው።

«አባባ፣ ጥይቶቹን ቀብተዋቸው ነበር?»

«በምን ልቀባቸው?»

«እንደ ወትሮው በሞራው ነዋ!»

«አንተ ሰው፣ ሁዳዴ መሆኑን ረሳኸው? በጾም ሞራ ሳቦካ ልዋል?»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«አንተም ትጾም የለም እንዴ! ይገባዋል ብዬ ነው።»

ምን ይመለሳል? የታጠቀው ሥራ መጣ ብዬ የምሠራበትን የፓርኪንግ ሥራ ለቅቄያለሁ። ቦታው ሰኞ ዕለት ለሌላ ሰው ተሰጠ። ለሚስቴ ስነግራት «አባዬ እኮ በጾም ቀልድ አያውቅም» አለችኝ፣ እንደ ማመስገን አድርጋ። ተቃጠልኩ። በእውነት አሁንም እየተቃጠልኩ ነው። በሰም ብቻ ቢቀቡት ምን ነበረበት? ወይ እንደ ሰው ከሱቅ ልግዛ ስል ቢተዉኝ?

ዛሬ ደግሞ ራሳቸው ደወሉ። «አይዞህ ልጄ፣ ፋሲካ ሲደርስ አሳምሬ ቀብቼ እሰጥሃለሁ» አሉኝ።

ቅባቱ ለፋሲካ ይደርሳል... ሥራው ግን ፋሲካን አልጠበቀም።