የአንድ እናት ልጆች በአንድ መኪና

«የአንድ እናት ልጆች በአንድ መኪና አትሳፈሩ።»

ዛሬ ጧት ወረታ፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባት መምሬ ይሁኔ እንዲህ አሉን።

ክረምቱን ሙሉ ስናስተምር፣ በሽተኛ ስንጠይቅ፣ መዝሙር ስናጠና ከርመን፣ አዲሱና ነባሩ አገልጋይ እንዲግባባ ብለን ዋንዛዬ ፍል ውኃ ልንሄድ ሁለት ሚኒባስ ይዘን ነበር።

አዲሶቹን ከነባሮቹ አሰባጥሬ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። መምሬ ግን ወንድምና እህቱን እየለዩ እንደገና ደለደሉን። (አንድነታችንን ልናጠነክር የወጣን ሰዎች ነን እንግዲህ!)

«መንገዱ ሰላም አይደለም እንዴ?» አልኳቸው።

«ሰላም ነው ልጄ። ለእናቶቻችሁ ብዬ ነው» አሉ፤ ዓይኔን ግን አላዩኝም።

እህቴ ከበሮውን ይዛ ከኋላው መኪና ተሳፈረች። መስኮት ከፍተን ስንሄድ የከበሮው ድምፅ እስከ ጉማራ ድልድይ ድረስ ይሰማን ነበር። ድልድዩን ከተሻገርን በኋላ ጠፋ።

እኛ ዋንዛዬ ከደረስን ቆየን። ውኃው ውስጥ የገባ የለም፤ ሁሉም መንገድ መንገዱን ያያል። የእህቴ ስልክ አይሠራም። እናታችን ደጋግማ ደወለች፤ አላነሳሁም።

እናንተስ አገር እንዲህ ተለያይቶ መሳፈር ተጀምሯል? ጻፉልኝ።

ከበሮ የያዙ ልጆች ያሉበት ነጭ ሚኒባስ ጉማራ አካባቢ ያየ ካለ ግን፣ መጀመሪያ እሱ ይጻፍልኝ።