መኪናዋ እስክትጠገን

የልጄ የከድር ልጆች «እማማ፣ ለሦስት ወር ብለው ሄደው እንዴት ስድስት ዓመት ቀሩ?» ብለው ያዙኝ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ የምለውን እነሱ ይጻፉት።

የሄድኩ ለታ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ሰፈራችን ዓለም ባንክ ጉም ለብሶ ነበር። ሻርጃ ያለችው ልጄ ሰሚራ መንታ ወልዳ፣ ላርሳት ነው የምሄደው። ባለቤቴ ሸምሱ በዚያች ልጆቻችንን ባሳደገባት አሮጌ ሚኒባስ ራሱ ሊያደርሰኝ ተነሳ። ጦር ኃይሎች ስንደርስ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ወጣ።

«ምነው አንተ!»

«ፍሬኗ ነው። አርጅታለች።»

«ወይ አስጠግናት ወይ ቀይራት።»

«እኔንስ?»

«አንተንማ የሚገዛህ ከተገኘ!»

ተሳሳቅን። ኤርፖርት በር ላይ «ስትመለሺ በእሷው እቀበልሻለሁ፤ ወላሂ» አለኝ።

ሻርጃ ሙቀቱ የእቶን አፍ ነው። ጣሪያ ላይ በርበሬ ባሰጣ የሕንጻው ጠባቂ «ሐጃ፣ መምኑዕ!» አለኝ። ክልክል ማለቱ ነው። በር ላይ ጫማ ማውለቅ መምኑዕ፣ ደረጃ ላይ ቆሞ ማውራት መምኑዕ። «መተንፈስስ?» ብዬ በሰሚራ ባስጠይቀው «እሱን የሕንጻውን ባለቤት ልጠይቅ» አለ። መንገድ ዳር ደህናው መኪና አቧራ ለብሶ ተጥሏል። አማቼ «እዚህ አሮጌ አይጠገንም፣ ይጣላል» ሲለኝ ስለ እኔ ያወራ መሰለኝ።

ሦስት ወሩ ሲያልቅ ደወልኩ። «ልመጣ ነው፤ ተቀበለኝ።»

«መካኒኩ ሞተሯን አውርዷታል። ትንሽ ታገሺ።»

ከሞተሩ በኋላ ካምቢዮው መጣ፤ ከዚያ ደግሞ ከገበያ የጠፋ ዕቃ። በታክሲ እመጣለሁ ብል «ምዬ የለ?» ይላል። ሰሚራም ሥራ ጀምራለች፤ መንታዎቹን ጥዬ የምሄድበት አንጀት የለኝም። አንዳንዴ እሷው ውስጥ ተቀምጦ ይደውልና ክላክስ ያሰማኛል፤ «ስሚያት፣ አልሞተችም።»

አንድ ቀን ግን ጮኽኩበት። «ሽጣትና ሌላ ግዛ! ሰው ስንት ዓመት ብረት ይጠብቃል?»

«ሌላ አልለምድም፣ ዘይነባ» አለ።

በስድስተኛው ዓመት ልጄ ከድር ደወለ። «እማዬ፣ መኪናዋ ተጠግናለች። ነይ።»

ለሸምሱ ነጭ ኮፍያ ገዝቼ በረርኩ። ሚኒባሷ ታጥባ ቆማለች፤ መሪው ላይ ከድር።

«አባትህስ?»

«ቤት ነው።»

ኮፍያውን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ፍሬኗ እንዴት ተስተካከለ እያልኩ ዓለም ባንክ ደረስን። በራችን ላይ ድንኳን ተጥሏል። ሰው አገር ላለ ሰው መርዶ በስልክ አይነገርማ።

ብዙ ዓመት ቆይቼ መካኒኩን ዘነበወርቅ ሰፈር አገኘሁት። «ያቺን መኪና ስድስት ዓመት አሰቃየሃት» አልኩት፣ እንደ ቀልድ።

አንገቱን ደፋ። «እማማ፣ እኔ ሞተር አላወረድኩም። እርስዎ በሄዱ በሳምንቱ አምጥቷት ፈተሽኳት፤ ምንም አልነበራት። የጋሼ ሸምሱ ዓይን ነው የደከመው፤ ኋላም ጭራሽ ጠፋ። ከሰማች የሰሚራን ልጆች ጥላ ትመጣለች ብሎ ሁላችንንም አስማለን። ያን ቀን ጦር ኃይሎች ላይ ጠርዙ አልታየውም እንጂ ፍሬኗስ ደህና ነበር።»