ሊንዳ ከልጇ ሰርግ ደጃፍ

ዛሬ የሥራ ባልደረባዬ ሊንዳ የልጇ ሰርግ አዳራሽ በር ላይ ደርሳ ከመኪናዬ መውረድ አቃታት።

ሊንዳ ሞርሞን የሚባለው የአሜሪካ ቤተ እምነት ተከታይ ናት። ወንድ ልጇ የሚያገባው ወንድ ስለሆነ ባሏ "ከሄድሽ እዚህ ቤት አትመለሺ" ብሏታል። ሶ፣ ሰርጉ ያለበት ሾርላይን ከተማ ድረስ እኔ ወሰድኳት።

"ቅድመ አያቴ በድሮው የሞርሞን ወግ በሁለት ሚስቶች ላይ ሦስተኛ ሆና ነው የተዳረችው" አለችኝ። "ቤተሰቡ በእሷ ይኮራል። በልጄ ጋብቻ ግን ያፍራል።"

እኛ ሐበሾች ብንሆን ሽማግሌ ልከን ነገሩን እናበርደው ነበር።

ልጁ አይቶን ከአዳራሹ ወጣና የመኪናውን መስኮት አንኳኳ፤ ሊንዳ ዝቅ አደረገችው። "ማም፣ ከፊት ቦታ ይዤልሻለሁ" አላት።

ክራቫቱን አስተካከለችለት። ጉንጩን ዳሰሰችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ንጂ፣ እባክሽ" አለችኝ።

ነዳሁ። ሰርጉን ሳታይ ቤቷ መለስኳት።

በእምነቷና በልጇ መካከል የተያዘች እናት የምታውቁ፣ ምን አላችኋት? እስቲ ጻፉልኝ፤ ነገ ሥራ ላይ አገኛታለሁ።